እናቴ ያመጣችው ጠበል

መኪናዬ ሞተሩ እየሠራ በቆመበት ፈላና ዝገት ዝገት የሚሸት እንፋሎት ፊቴን መታኝ። የጠራሁት መካኒክ ገና ሳይነካው ንዴቴ ተነሳ።

በደርግ ጊዜ ንፋስ መውጫ ገበያ ዳር፣ ለውትድርና የታፈሱ ልጆችን የጫነ መኪና እንዲሁ ቆሞ ይፈላ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከላይ ነው። እናቴ ሳይሄድ ይጠጣው ብላ ከቤተ ልሔም ገዳም ያመጣችውን ጠበል ልትሰጠው ስትጠጋ፣ ካድሬው ራዲያተሩ ላይ ሊያስጨምረው ጀሪካኑን ነጠቃት።

"ጓድ፣ ውሃ አያድነውም" አለ ሾፌሩ። "ሲሄድ ነፋስ ያበርደዋል፤ ሲቆም የሚያበርደው ፋኑ ነው፣ ፋኑን የሚያዞረው ችንጋ ደግሞ ላልቷል። አጥፍቼ ላጥብቀው።"

"በሞተ ባትሪ አጥፍተኸው ሊነሳልህ ነው? ጨምርበት።"

"የልጄ ጠበል ነው የኔ ጌታ፣ ጉንጭ እንኳ ተዉለት" አለች እናቴ።

ጠብታ አላስተረፉም። መኪናው በረደና ሄደ። እናቴ ባዶ ጀሪካኗን ታቅፋ "ልጄን እኔው በጠበሌ አስወሰድሁት" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ወንድሜ አልተመለሰም።

"እትዬ፣ ለጊዜው ውሃ ይጨምሩበትና ይሂዱ" አለኝ መካኒኩ። "ያደርስዎታል።"

ማድረሱንስ ያደርሳል። ወንድሜንም አድርሶታል።