ለእንግዳ የተለሰነው ፎቅ

ነገሩ የሚመለከታቸውን ሰዎች አስቀድሜ ልቁጠር። የመጀመሪያዋ ከዩኒቨርሲቲው የጀርባ በር ፊት ለፊት፣ በጭቃ ፎቁ ውስጥ ያረጁት ባልቴት ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። ቀጥሎ የእድራችን ሊቀመንበር አሉ፤ ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው፣ ቃላቸው አይታጠፍም። ሦስተኛው በዩኒቨርሲቲው ስለ ድሮ ቤቶች የሚያስተምር ወጣት መምህር ነው። አራተኛዋ የእሱ ተማሪ የሆነችው ልጄ ናት። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ግቢው ያለበት ቦታ ኮልፌ ገና የከተማ ዳር ሳለ የከብት ግጦሽ ነበር። ኋላ አጥር ታጠረ፣ ሕንፃ ቆመ፣ ተማሪ ገባ። ዩኒቨርሲቲው ሲመጣ ሰፈሩም ይማራል ብለን ነበር። ሰፈሩ የተማረው ፎቶ ኮፒ ማንሳትና ክፍል ማከራየት ነው። በአጥሩ ሥር ጁስ ቤቱ፣ ፑል ቤቱና ቤርጎው ተደረደሩ። ከዚያ ሁሉ በፊት የነበረው ጭቃ ፎቁ ብቻ ነው። ታች ሁለት ክፍል፣ ላይ ሁለት ክፍል፣ ከፊቱ የተጠረበ የእንጨት በረንዳ። ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። ከ18 ማዞሪያ የሚመጣ ታክሲ ውስጥ «ጭቃ ፎቅ ወራጅ አለ» ያለ ሰው ሌላ ምልክት መናገር አያስፈልገውም ነበር።

እኔ ከሸዋ ገጠር ለቀን ሥራ ስመጣ የተከራየሁት የእሱን ታችኛውን ክፍል ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ግድግዳው ብርድ እንዳያስገባ ጋዜጣ በጋዜጣ ላይ ተለጥፎበት ነበር፤ የንጉሡ ዘመን ከሥር፣ የደርግ ከላዩ። ፊደል ያወቅሁት ከዚያ ነው። አልጋዬ ላይ በጎኔ ተኝቼ አንድ አንድ ፊደል እየለቀምሁ አነብ ነበር። የአንዳንዱን ዜና እስከ ዛሬ ግማሹን ብቻ ነው የማውቀው፤ ሌላው ግማሽ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነበር። ልጆቼን ሳስጠና ከዚያ ግድግዳ የተማርሁትን ነው ያስጠናሁት፤ ዱላም አልጎደለበትም።

አንድ ቀን ከጀርባ በሩ እስከ አስፋልቱ መንገድ ሊወጣ ነው፣ በመስመሩ ላይ ያለ ቤት ይነሳል ተባለ። በዚያው ሰሞን ልጄ ከግቢ መጣች።

«አባዬ፣ መምህራችን የድሮ ቤቶችን እያጠና ነው። ጭቃ ፎቁ ቅርስ ተብሎ ከተመዘገበ አይነካም፤ መንገዱ ዞሮ ያልፋል። ቅዳሜ ሳምንት እንመጣለን።»

ይህን ብላ ለፈተና ተመለሰች። ሌላ ነገር መናገር ያስፈልጋል ብላ አላሰበችም።

ሄጄ ለእትዬ ነገርኋቸው።

«ለእኔ ሲል መንገድ ሊዞር?» አሉ። «ባሌ እንኳ ለእኔ ብሎ ዞሮ አያውቅም።»

«ይሳቁ እንጂ ነገሩ የምር ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። እሱ በዚህ ደረጃ ነው የወረደው፣ በሳጥን ሆኖ፣ አራት ሰው ተሸክሞት። እኔም በዚሁ ልውረድ። ከዚያ በኋላ ያፍርሱት፣ ቂም የለኝም።»

የሚፈልጉት ያንን ብቻ ነበር።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ቆሙ።

«የተማረ እንግዳ ሊመጣ ነው» አሉ። «ጋዜጣ የለበሰ ግድግዳ ልናሳየው ነው? የተንጋደደ በረንዳ ልናሳየው ነው? የደከመ ቤት ያየ ሹም ሁሉ ይፍረስ ነው የሚለው። ጠንካራ መሆኑን እናሳያቸው።»

በእሳቸው አገር ለመስቀል ቤት ይለሰናል። በእኛም ለሠርግ ይለሰናል። እንግዳን በተራቆተ ቤት የሚቀበል ሰው በሁላችንም ዘንድ ባለጌ ነው። ስለዚህ የተቃወመ አልነበረም። እትዬም ደስ አላቸው፤ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ቤቱ ታድሶ አያውቅም።

ሰፈሩ ያን ሳምንት እንደሠራው ሠርቶ አያውቅም። የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት መዘምራን አሸዋ አቀበሉ፤ የእኛዎቹ የማኅበር ሴቶች ውኃ ቀዱ። የእንጨት በረንዳው ወርዶ ቱቦላሬ ብረት ተበየደ። ሊቀመንበሩ በእርጅናቸው መሰላል ላይ ወጥተው በሲሚንቶ ለሰኑ። ለእኔ ጋዜጣውን መፋቅ ደረሰኝ። መጀመሪያ እያነበብሁ እፍቅ ነበር፤ ሥራው ሲዘገይ ማንበቡን ተውሁት። ዓርብ ማታ ቤቱ የሎሚ ቀለም ለብሶ ቆመ። ሁላችንም መንገድ ማዶ ሆነን አየነው። አማረብን።

ቅዳሜ መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር መጣ። ልጄ ከቤቱ ፊት ያለው ቦይ ጋ ስትደርስ ቆመች። ወደ እኔ መጥታ ቀስ ብላ «አባዬ፣ ምን አደረጋችሁት?» አለችኝ።

መምህሩ ግራ ቀኝ አየና «ጭቃ ፎቁ የትኛው ነው?» አለ።

«ከፊትህ ነዋ» አሉት ሊቀመንበሩ። «አንኳኳው። አይነቃነቅም።»

አንኳኳው። ከዚያ ዙሪያውን ዞረው። ምሳ ቀርቦ ስለነበር አስቀመጥነው፤ እትዬ ቅቅል ሠርተው ነበር። ሁለት ጊዜ ከጎረሰ በኋላ «እማማ፣ የበረንዳው እንጨት የት አለ? እሱ ከተቀመጠ መልሰን እንገጥመዋለን፤ ልንከራከር እንችላለን» አላቸው።

«ቅቅሉ በምን የበሰለ መሰለህ፣ ልጄ? የድሮ እንጨት ነው፤ ጭስ የለው፣ እሳቱ ደኅና።»

እጁን ከትሪው ሰበሰበ።

«ብላ እንጂ፣ አንጀትህ አይታጠፍ» አሉት። አልገባቸውም ነበር።

ስለ ጋዜጣው እኔን ጠየቀኝ። ለማያያዣ ነድዷል አልሁት። አንድ ገጽም አልተረፈ እንደሆን ጠየቀኝ። አልተረፈም።

ሲሄድ ሊቀመንበሩን እንዲህ አላቸው፤ «እኔ የድሮ ቤት መሆኑን አምናችኋለሁ። ግን የእኔ ማመን አይመዘገብም። የሚመዘገበው ዓይን የሚያየው ነው።» ቢሆንም ጽፎ አመለከተ። አዲስ የታደሰ ቤት ቅርስ አይባልም የሚል መልስ መጣለት። ብዙም ሳይቆይ በሎሚው ቀለም ላይ ቀይ ምልክት ተደረገ።

ሲፈርስ ቆሜ አየሁ። ማሽኑ ሲገፋው ውስጡ ያለው ጭቃ ረገፈ፤ የሊቀመንበሩ ልስን ግን ለአፍታ ብቻውን ቆመ። ጥሩ ግንበኛ ናቸው።

ድሃ መጀመሪያ የሚሸፍነው የሚያፍርበትን ነው። እኛ ያፈርንበት ነገር ያለን ማስረጃ ሁሉ ነበር። ልጆቼን ያሳደግሁት ለእንግዳ ቤትህን አሳምር ብዬ ነው። ዛሬም ሌላ የማስተምረው የለኝም፤ ያ ትምህርት ለምን እንዳከሰረን ግን ማስረዳት አልችልም።

እትዬ አሁን ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር፣ የእህታቸው ልጅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ጉልበታቸው ስለማያወርዳቸው አይወጡም። ልጠይቃቸው ስሄድ «ፎቅ ለምጄ የለ?» ብለው አሳቁኝ። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኙኝና ደረጃውን ቁልቁል አዩት።

«በዓይኔ ለክቼዋለሁ» አሉኝ። «መታጠፊያው ላይ ሳጥን አያዞርም።»

መታጠፊያውን እያየሁ ወረድሁ።

ድምሩ ይኸው ነው። ሊቀመንበሩ ሥልጣናቸውን አስረክበው ከእድር ቀርተዋል። መምህሩ በሰፈራችን አያልፍም። ልጄ ስለ ትምህርቷ ስጠይቃት «ደኅና ነው» ብላ ትተወዋለች። እኔ የተማርሁበትን ግድግዳ በእጄ ፍቄያለሁ። እትዬ ደግሞ የሚወርዱበት ደረጃ አጡ።