የውባንች ወይካና የኮሚቴው ጎመን

ስለ ጓሮ የሚያወራ ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ጥፍሩን እዩት። ጥፍሩ ውስጥ አፈር ከሌለ አትመኑት። የኔ ጥፍር ውስጥ ያለው ጠመኔ ብቻ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። ቢሆንም እናገራለሁ፤ ዝም ብል ያንገበግበኛል።

ውባንች የበለሳ ሰው ናት። በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ከደጋ ለሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ እዚህ ሳሉግ ለምንለው፣ ወጥ ልትሠራ “ሁለት ወር ብቻ” ብላ ወረደች፤ ይኸው አስራ ስምንት ዓመቷ። ከኮኪት ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሾፌር ሁሉ ወርዶ ፊቱን በሚታጠብባት በኛ ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ አራት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ከፈተች። ጀርባው ላይ አንድ ጎጆ እንኳ የማይቀለስበት ጓሮ አለ። ምግብ ቤቱን ያቆመው ያ ጓሮ ነው።

የምትዘራው ወይካ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ባሚያ የሚለው። ዘሩን የሰጧት ጎረቤቷ የነበሩት ሐጃ መጂዳ ናቸው፤ ዛሬ በሕይወት የሉም። ከሱቅ በተገዛ ዘር የበቀለ ወይካ በሁለተኛው ቀን እንጨት ይሆናል። የሐጃ ግን ሳምንት ግንዱ ላይ ቆይቶም ለስላሳ ነው፤ ደርቆ ሲወቀጥ ደግሞ አንድ ጭብጥ ድስት ሙሉ ወጥ ያወፍራል። ለአጨዳ የሚወርዱት የጎጃም ልጆች መጀመሪያ ሲቀርብላቸው “ኧረ ይኸ የሚዝለገለገው ምንድን ነው?” ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። በሳምንቱ ሳህኑን በጣታቸው ሲጠርጉት ታገኟቸዋላችሁ።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጥል ትዘራለች። ሐምሌ ጥቁሩ አፈር የሰው ጫማ እየነጠቀ ሲያስቀር እሷ ታርማለች። ነሐሴና መስከረም ለወጥ ትለቅማለች። ጥቅምትና ኅዳር ከተማው በአጫጅ ሲጨናነቅ፣ ምጣድና ድስቱ ሳያንሳት፣ ጧት ጧት እየከተፈች ጣራ ላይ ታሰጣለች። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሌላው ሰው ጓሮውን ለፍየል ሲለቅ፣ እሷ አጥሩ ጥግ እንደገና አስራ ሁለት ግንድ ታበቅላለች። ይኼኛው አይበላም፤ ለዘር ነው። “የክረምት ዘር ሻጋታ አያጣውም” ትላለች። የሚጠጣው የምግብ ቤቱን የሳህን ማለቅለቂያ ነው፤ ደንበኛ በበላ ቁጥር ግንዱም ይጠጣል። መጋቢት መጨረሻ ላይ ፍሬው ግንዱ ላይ እንዳለ ደርቆ፣ ሲነኩት ሲንኮሻኮሽ፣ ያን ጊዜ ትሰበስበዋለች።

በየዓመቱም ከሰበሰበችው አንድ ጭብጥ በጨርቅ ቋጥራ ለኔ ትሰጠኛለች። “ቲቸር፣ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ላይ ዝራው። ዘር አንድ ቤት ብቻ ካለ የለም ማለት ነው” ትለኛለች። ነሐሴ ላይ “እንዴት ሆነ?” ስትለኝ “እንዴታ! ይዟል” እላታለሁ።

አሁን ወደ ኮሚቴው ልምጣ። ድንቄም ኮሚቴ! ስሙ “የአረንጓዴ ጓሮ ኮሚቴ”፣ ሰብሳቢው ስንሻው። ስንሻው በዕድሜው ከራሱ ጉሮሮ በቀር ያጠጣው ነገር የለም። አምና በመጋቢት መጨረሻ ከላይ እንግዳ ይመጣል ተባለ፤ ሞዴል ጓሮ ሊያይ። ልብ በሉ፣ በመጋቢት! ቁራው አፉን ከፍቶ ጥላ በሚፈልግበት፣ ቆርቆሮው ብቻውን በሚንጣጣበት ወር፣ አረንጓዴ ነገር ሊጎበኝ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ ለስላሳ ጠጣ፣ የውባንችን ጓሮ መረጠ። ምክንያቱን ታውቃላችሁ? መንገድ ዳር ስለሆነ የእንግዶቹ መኪና መታጠፍ አያስፈልገውም።

በማግስቱ ከደጋ በአይሱዙ ሠላሳ ጥቅል ጎመን ከነሥሩ ተጭኖ መጣ። ሊተከል ነው! የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለነዚህ ነው። እኔን ደግሞ “የእጅ ጽሑፍህ ያምራል” ብለው ጠሩኝና፣ እኔ አጅሬ፣ ጎንበስ ብዬ በአቡጀዲ ላይ “ሞዴል የጓሮ አትክልት” ብዬ በቀይ ቀለም መጻፍ ጀመርኩ። ውባንች ውስጥ ሆና ለሾፌሮች ፉል ታቀርባለች። “ጓሮሽን እናሳምርልሽ” ብለዋት “እሺ” ብላለች፤ ማን ዘሬን ይነካል ብላ ታስብ?

“ይህን ቆሻሻ አንሡልኝ” አለ ስንሻው፣ ወደ አጥሩ ጥግ እያመለከተ።

አስራ ሁለቱ ግንድ ከነፍሬው ተነቀለ፣ ተከመረ፣ ክብሪት ተጫረበት። ይህን ሁሉ አየሁ። ምን እንደሆነም አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ ስንሻው ዞር ብሎ ሲያየኝ ዘጋሁት። ሰው ፊት መቃወም አልወድም፤ ፈሪ ነኝ ማለት ነው በአጭሩ። ሥራዬን ቀጠልኩ፤ “አትክልት” የምትለውን በደንብ አሳመርኳት።

እንግዶቹ አምስት ሰዓት ላይ መጡ፤ ጎመኑ አጠገብ ፎቶ ተነሡ፤ አጨበጨቡ፤ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ሄዱ። ስምንት ሰዓት ላይ ጎመኑ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነበር። የቀረውን ፍየል ጨረሰው።

ውባንች የወጣችው እንግዶቹን ልትሸኝ ነው። አመዱን አየች።

“ማነው ዘሬን ያቃጠለው?”

“እታለም፣ ደረቅ እኮ ነበር” አለ ስንሻው።

“ያንተም ራስ ደርቋል፤ ማን አቃጠለው?” አለችው። እሰይ! ሾፌሮቹ ሳቁ፣ ስንሻው ግን የኮሚቴውን ወረቀት እንደ ጋሻ ደረቱ ላይ ይዞ ሹልክ አለ። እሷ አመዱን በእንጨት ገለባበጠችው። አንዲት ፍሬ አልቀረችም። እንባዋ መጣ፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችውና ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

“ተመስገን። ትምህርት ቤት አለ። ቲቸር ጋ አለ” አለች።

ያን ጊዜ የነበርኩበት መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ትምህርት ቤታችን ጓሮ ላይ አንድም ቀን አንድም ዘር ዘርቼ አላውቅም።

ሚያዝያና ግንቦትን ኮሚቴውን ስሳደብ ከረምኩ። በየሻይ ቤቱ፣ በየመምህራን ክፍሉ፣ እንዴት ያለ ስድብ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል እንዲህ ነው። ምሳዬን ግን እሷ ቤት አቀርቅሬ ነበር የምበላው። ደረቁን ወይካ ያስቀመጠችበት ጣሳ ግርጌው ታየ፤ ወጡ እየቀጠነ ሄደ። ሁለት ሾፌሮች “ምነው የድሮው የለም?” ብለው ማዶ ካለው ቤት መብላት ጀመሩ። “ሰኔ ይግባ ብቻ” ትላለች ውባንች፣ ምንም ሳይመስላት።

ሰኔ ገባ። ሁለተኛው ዝናብ በጣለ ማግስት፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ባዶ ጣሳ ይዛ ትምህርት ቤት መጣች።

“እስኪ ጓሮህን አሳየኝ።”

ወደ ጀርባ ወሰድኳት። እሾህና የተሰባበረ ዴስክ አለ። አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አየችው።

“የት ነው?”

“የለም” አልኳት። ወደ ክፍል ይዣት ገብቼ መሳቢያዬን ከፈትኩ። የአራት ዓመት አራት ቋጠሮ፣ አንዱም ሳይፈታ፣ ከጠመኔው ጋር ተቀምጧል። መጣል አፍሬ፣ መዝራት ሰንፌ ያስቀመጥኩት ነው።

የመጠጫ ኩባያዬን አንሥታ ውኃ ሞላችና የመጀመሪያውን ቋጠሮ ፈታ ገለበጠችው። ሁሉም ተንሳፈፈ፤ ነቀዝ ውስጡን ጨርሶታል። ሁለተኛው ተንሳፈፈ። ሦስተኛውም። ከካቻምናው ቋጠሮ፣ ከመጨረሻው፣ አስራ ሰባት ፍሬ ሰጠመ። እነዚያን አስራ ሰባቱን አንድ በአንድ ለቅማ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረች።

“ስንሻው እንኳ ጎመን አምጥቶ ተክሏል” አለችኝ፣ ድምጿን ሳታነሣ። “አንተ በአፍህ ብቻ ነው የተከልከው።”

ከአስራ ሰባቱ አስራ አንዱ በቀለ። ስምንቱን፣ የክረምቱ ሻጋታ ቢያሰጋትም፣ ለዘር ተወችው፤ የሦስቱን ለቅማ በፍልሰታ የመጀመሪያውን የወይካ ወጥ ሠራች። ሽታው መንገድ ድረስ ወጥቶ፣ ማዶ የሸሹት ሾፌሮችም ተመልሰው፣ አራቱ ጠረጴዛ ሞላ። እኔም ጥጌን ይዤ ተቀመጥኩ። ለሁሉም በየተራ ጨለፈች። እኔ ጋ ስትደርስ ወደ ጓዳ ገባችና ሌላ ሳህን ይዛ መጣች።

ጥቅል ጎመን ነበር።

“ውባንች፣ ወይካው አለቀ እንዴ?” አልኳት።

“ወይካማ ያንተ ጓሮ ሞልቶ የለ” አለችኝ፤ “ሲያምርህ ሄደህ ልቀም።”