የቆረጥኩት የካርታ ጠርዝ

በመንዝ ምድር እንደኔ መስታወት የሚቆርጥ አልተፈጠረም። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። የሙሽራ ፎቶ ይሁን፣ የማርያም ስዕል ይሁን፣ የምስክር ወረቀት ይሁን፣ ያመጡልኝን ሁሉ ፍሬም ውስጥ አስገባዋለሁ። አልገባም ካለ ጠርዙን እቆርጠዋለሁ። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ካርታ ማንበብ ማንም አላስተማረኝም። አንድ ሰው የአያቱን ፎቶ ፍሬም ቀይርልኝ ብሎ አመጣና ጀርባውን ስፈታው፣ ለድጋፍ የገባው ወረቀት የኛው ከተማ ካርታ ሆኖ ቁጭ አለ። በጃንሆይ ጊዜ የተነሳ ነው። ሰውየውን ብጠይቀው «ውሰደው፣ እኔ የምፈልገው አያቴን ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በሽታ ሆነብኝ። በደርግ ጊዜ የተሳለ ሌላ ካርታ ደግሞ ከቀበሌ መጋዘን ለምኜ አወጣሁ። ጠዋት ፀሐይ የሱቄን መስኮት ስትመታው ሁለቱን ደራርቤ መስታወቱ ላይ እለጥፋቸዋለሁ። ያኔ ከተማው ዓይኔ እያየ ይንቀሳቀሳል! ገበያው ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ተነስቶ ወደ መኪና መንገዱ ይወርዳል፣ የበግ ተራው ወንዙን ይሻገራል። መንገደኛውን ሁሉ እየጠራሁ «ኑ እዩ፣ ከተማ እግር አለው!» እል ነበር። መምህራን ሳይቀሩ እየመጡ ይሰሙኛል። እኔ እኮ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ!

ለጃንሆዩ ካርታ ወርቃማ ፍሬም አበጀሁለት። ከሥሩ ጽሑፍ ያለበት አንድ ጣት የሚያህል ጠርዝ ተረፈ። ሳላነበው ቆረጥኩትና ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

እዚያ ካርታ ላይ ያልፈለግኩት አንድ ቤት ብቻ ነው፣ ያባቴ ቤት። «አባቴ እዚህ ከተማ መጀመሪያ ቆርቆሮ የከደነ ሰው ነው» እያልኩ ስንት ዓመት አውርቻለሁ። እውነቱን ካላችሁ፣ ቤታችን የጓሳ ሳር ክዳን ነበር። የሚያውቁ ሽማግሌዎችም ስቀው ያልፉኛል።

መንግሥት ተለውጦ፣ ከተማችንም ፕላን ይሠራላት ተብሎ፣ ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን ሊያሰፋ ተነሳ። ቤቱ ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ የቆመ ነባር የሆነ ሰው እዚያው ከተማ ውስጥ ምትክ ቦታ ያገኛል። ነባር ያልሆነ ባዶ እጁን ይሄዳል። ሁሉም ወረቀቱን ይዞ ቀረበ። ወረቀት ያጡት አንዲት ሴትዮ ብቻ ናቸው። ከገበያው ጥግ ተቀምጠው የበግ ሱፍ እየፈተሉ ባና ብርድ ልብስ ለሚሠሩ የሚሸጡ፣ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ የሌላቸው። ሰው ይመስክርልኝ አሉ። የማዘጋጃ ቤቱ ኮሚቴ ግን በሐሰት ምስክር ተማሮ ነበርና ወደኔ ላከ። ወደኔ! ካርታዬን በብብቴ ይዤ እንደ ሙሽራ ሄድኩ።

ሕዝብ ተሰብስቧል። ጣቴን ካርታው ላይ አሳረፍኩ። የሳቸው ቦታ ባዶ ነው።

«ሰው ይዋሻል፣ ሽማግሌም ይረሳል» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ። «ካርታ ግን አይዋሽም። እዚህ ቦታ ላይ ቤት አልነበረም።»

ሴትዮዋ እንዝርታቸውን እንደያዙ ተነሱ። «አንተ ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዝናብ የምትጠለለው የት ነበር? ከማን ቤት ነው ቂጣ የበላኸው?»

«እትዬ፣ ቂጣውንስ አስታውሳለሁ» አልኳቸው። «ቤቱን ግን ቂጣው ጋርዶብኝ አላየሁትም!»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ሊቀመንበሩ እንኳ እንባውን ጠረገ። እኔም በቀልዴ ኮራሁ። ሴትዮዋ ብቻ ቁጭ አሉና ክራቸውን ማጠንጠን ጀመሩ። «ነባር አይደሉም» ተብሎ ተጻፈ።

እውነት ለመናገር፣ ያን ቤት በልጅነቴ አውቀዋለሁ። ከካርታው በኋላ የተሠራ ይሆናል ብዬ ነው ለራሴ የነገርኩት።

ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ደንበኛ መስታወቱ የተሰነጠቀ ፍሬም መልሳ አመጣችልኝ። ስፈታው፣ ፎቶው እንዳይላወስ ብዬ ከጀርባው የወተፍኳት ወረቀት ወደቀች። ያቺ የቆረጥኳት ጠርዝ ናት። አንስቼ አነበብኳት። «ጥቁር አራት ማዕዘን፦ ባለ ቆርቆሮ ቤት። የሳር ቤቶች አልተሳሉም» ትላለች።

ዘልዬ ካርታዬ ሥር ቆምኩና ያባቴን ቤት ፈለግሁ። ባዶ ነው። በኔው ካርታ መሠረት እኔም አልተወለድኩም!

ከሱቄ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ያለው መንገድ አንድ ጥርኝ ቆሎ አያስጨርስም። ግን ሄጄ ምን ልበል? ጠርዙን እኔ ቆረጥኩት ልበል? ደግሞስ የሳር ቤት ልጅ ነኝ ልበል? የቅዳሜው ገበያ ይለፍ አልኩ። አለፈ። የሚቀጥለውም አለፈ። እሳቸው በሱቄ በር ሲያልፉ ጎንበስ ብዬ መስታወት እወለውላለሁ። ሦስተኛው ቅዳሜ ሳይደርስ ዶዘሩ መጣ። ያ ቤት ለመፍረስ የፈጀው ጊዜ እኔ አንድ መስታወት ከምቆርጥበት አይበልጥም።

ከፈረሰ በኋላ ጠርዟን ይዤ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ አነበበና ቀና ብሎ አየኝ።

«ካርታ አይዋሽም ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ? ቃለ ጉባኤው ላይ አለ።»

«ካርታውማ አልዋሸም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

«መቼ ነው ያገኘሃት?»

ነገርኩት።

«ታዲያ ቤቱ ሳይፈርስ የት ነበርክ?»

ጠርዟን ከእጁ ተቀብዬ ወጣሁ።

ሴትዮዋ ግሼ ገጠር፣ ወንድማቸው ዘንድ ገብተዋል ተባለ። ጠርዟን በሙጫ መልሼ ካርታው ላይ ለጠፍኩ፤ ከፍሬሙ ስለማይገባ ፍሬሙን ጥዬ ካርታውን ጠቀለልኩና ተነሳሁ። ስደርስ ደጅ ላይ ሱፍ እየፈተሉ ነበር። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። እንዝርቷ አልቆመችም።

«ያባትህ ቤትስ እዚህ ላይ አለች?»

«የለችም፣ እትዬ።»

«የሳር ነበረች፣ አይደል?»

«የሳር ነበረች።» ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

«ታዲያ ያንተን ለምን አላፈረሷትም?»

«መንገዱ አልደረሰባትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ውስጥ ዞረው ለወንድማቸው ሚስት «እንግዳ አለ» አሉ። ትኩስ የገብስ ቂጣ መጣ። እጄን ሰብስቤ ብቀመጥ ቆርሰው ሰጡኝ።

«ብላ እንጂ» አሉኝ። «ቤቱን እንዳይጋርድብህ ብቻ።»

በላሁ። ከዚያ ቤት ስወጣ በሩን፣ ማገሩን፣ ክዳኑን አንድ በአንድ አየሁ። የሳር ነው።