ፈቃድ የሚጠይቅ በር

እናቴ የምትኖረው ማራኪ በሚባለው ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ባለው ግቢዋ ነው፤ ለተማሪዎች ክፍል ታከራያለች። እኔ ባሕር ማዶ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። እዚህ በር ሁሉ በካርድ ነው የሚከፈት፤ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ ይታወቃል። ይህን እያየሁ ስውል፣ ማታ ለጸሎት ስቆም እንኳ ዓይኔ ላይ የሚመጣው የእናቴ የግቢ በር ነበር። ቁልፉን ተከራዮቹ ያስቀርጹታል፤ ተመርቆ የሄደው ተማሪ ቁልፉን ለማን እንደተወው አይታወቅም። አንድ ጊዜ ከገመድ ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ ጠፋ። ያስጨነቀኝ ብርድ ልብሱ አልነበረም። ብቻዋን መሆኗ ነው።

ስለዚህ ያን ዓመት የዐቢይ ጾምን ምሽቶች ቁልፍ ሳነጻጽር ፈጀኋቸው። ስሙ ብዙ ነው፤ ሥራው ሲታይ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ራሱን የቻለ ነው፤ ኮዱን በሆዱ ይዞ በባትሪ ይሠራል። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ ግድ የለውም። ኮዱን ለመለወጥ ግን ሰው በሩ ሥር መቆም አለበት። ሁለተኛው ክላውድ የሚሉት ነው። ፈቃዱ የሚቀመጠው በሩ ላይ ሳይሆን ሩቅ ባለ ድርጅት ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ከዚህ ሆኜ በስልኬ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ብዬ እፈቅዳለሁ። ካሜራና የድምፅ ማጉያም አለው። በሩ ክፍት ሆኖ ከቆየ ይጮኻል፤ ለእኔም መልእክት ይልካል።

ለእናቴ የመጀመሪያው ይሻላት ነበር። ያኔም ሳላውቀው የቀረሁ አይመስለኝም። ሁለተኛውን የመረጥሁት ለእኔ ስለሚሻለኝ ነው።

ተገጥሞ ሲያልቅ በስልክ፣ «ታዲያ ቁልፉ ከማን ጋር ነው?» አለችኝ።

«ከእኔ ጋር ነው፣ እማዬ። አንቺ ጣትሽን ስታስነኪው ይከፍትልሻል።»

«ምነው፣ በገዛ ቤቴ አሻራ የምሰጥ ወንጀለኛ ነኝ?» ብላ ሳቀች። ቆይታ ደግሞ፣ «ሸጋ ነው፤ አንቺን እንቅልፍ ካስተኛሽ ይሁን» አለች።

አስተኛኝ። ተከራዮቹ ለማንም እንዳይከፍቱ ብዬ ከውስጥም ቢሆን አሻራ እንዲጠይቅ አደረግሁት። ለነፍስ አባታችን ሳይቀር ፈቃድ ሰጠሁ፤ ጠበል ሊረጩ የሚመጡበትን ሰዓት ወስኜላቸው። ይህን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

አንድ ቀን በሥራ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ምሳ እያጎረስሁ፣ ስልኬ መልእክት አመጣ። በሩ ክፍት ነው። ዝም አልሁት፤ ደገመ፣ ሠለሰ። አንዱ ተከራይ ድንጋይ ደግፎበት ሄዷል አልሁ በልቤ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ካሜራውን ከፈትሁ፤ ኔትወርኩ ደክሞ ምስሉ ዘገየብኝ። ትንሽ ብታገሥ ምን ነበረበት! የድምፅ ማጉያውን ነካሁና ጮህሁ።

«ማነው በሩን የከፈተው? ድንጋዩን አንሱ! ዝጉ!»

ድንገት ጸጥ አለ። ጫጫታ እንደነበረ ያወቅሁት ጸጥ ሲል ነው።

«እሺ ልጄ፣ እንዘጋለን» አለኝ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ፣ እየተቆራረጠ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«የሰፈር ሰው ነኝ።»

«የሰፈር ሰው ቢሆኑም ፈቃድ የለዎትም» አልኋቸው። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። እኔም ነገሩ እስኪጣራ ብዬ የሁሉንም ፈቃድ አገድሁ፤ የእናቴንም ጭምር።

ወዲያው እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ሻክሯል።

«በሩን ክፈችልኝ።»

«ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ጉንፋን ነው። በማርያም ክፈችው፤ እንግዶች ውጭ ቆመውብኛል።»

«እነማን ናቸው? ስማቸውን ንገሪኝና ለእያንዳንዳቸው ፈቃድ ልስጥ።»

«ማንን ብዬ ልጥራልሽ» አለች፣ «ሰው ነው።»

ምስሉ የመጣው ይሄኔ ነው። ከበሩ ውጭ መንገዱ ሞልቷል። ወንዶቹ የድንኳን ቋሚ ተሸክመዋል፤ ሴቶቹ ለልቅሶ ቤት የሚሆን እዝን ይዘዋል፤ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከፊት የቆሙት የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ጉልበታቸውን እየሳምሁ ያደግሁ፣ አያ የምላቸው ሰው። ፈቃድ የለዎትም ያልሁት እሳቸውን ነበር።

ማን እንደሞተ አላወቅሁም። ለምን እንዳልነገሩኝ ግን ገባኝ። በእኛ ዘንድ ሩቅ ላለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም፤ ሰው ይላካል፣ በማለዳ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያረዳዋል። ለእኔም እስኪላክልኝ ድረስ እናቴ ጉንፋን ነው ማለት ነበረባት።

በሩን ከፈትሁት፤ ክፍት ሆኖ እንዲቆይም አዘዝሁት።

«ተከፍቷል» አልኋት፣ ምንም እንዳላየ ሰው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። በገዛ በሯ አመሰገነችኝ።

እሑድ ማለዳ እዚህ የምሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሁለት ሴቶች አስከትለው ቤቴ መጡ። የሞተው የእናቴ ወንድም፣ ዳባት ያለው አጎቴ ነበር። አንድ ወንድሟ ነው። አለቀስሁ፤ ከልቅሶዬ መሀል ግን «ዝጉ!» የሚለው የራሴ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ሴቶቹ ያጽናኑኝ የነበረው ስለ አጎቴ ነው፤ ሌላውን አልነገርኋቸውም።

እንግዶቼ ሲሄዱ ለእድሩ ዳኛ ደወልሁ።

«አያ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ምነው፣ ምን አጠፋሽ? አላወቅሽ» አሉ። ሳቅ ብለውም፣ «ሸጋ ዘበኛ ወጥቶሻል። ድንኳኑን በጎረቤት አጥር ልናሻግር ስንማከር ነው የከፈትሽልን» አሉኝ።

መሳቅ አልቻልሁም። «ስናገር ሁሉም ዝም ያለው ለምንድን ነው?»

«መርዶ በበር ድምፅ እንዳትሰሚ ነዋ። ሰው ሁሉ ልቅሶውን ዋጠ። አንዷ ብቻ እንቢ ብትለን ሴቶቹ አፏን በነጠላ አፈኗት።»

«ማን ናት?»

«እናትሽ ናት እንጂ፣ ማን ትሆናለች። ወንድሟ እኮ ነው።»

ብረት ሠሪ ጠርተው ቁልፉን ዛሬውኑ እንዲያስነቅሉልኝ ለመንኋቸው።

«ዛሬስ አይሆንም» አሉኝ። «ሰው ገና እየገባ ነው። በሩን ማን ይነካዋል?»