የግራ እጅ ጉጠት

የብረት ቀጥቃጩ የአባ ልክ አንድ የሥራ ቀን አንድ ጆንያ ከሰል፣ አራት ባልዲ ውሃና ሁለት ሺህ ያህል የመዶሻ ምት ይበላል። በዚያ ላይ ላቡ አለ፤ ብልጭታ የሚለበልበው ቅንድቡ አለ፤ ከሰዓት በኋላ እንደ አሮጌ በር ሲጥ የሚለው ትከሻው አለ። ይህን ሁሉ ሳያጉረመርም ይከፍላል። የሚከብደው ሌላው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከምድጃው በላይ ወዳለው ምስማር አለማየት።

ምስማሩ ላይ ግማሽ ጉጠት ተሰቅሏል። ጉጠት የጋለ ብረት መያዣ ነው፤ እንደ መቀስ ሁለት ጎን አለው። ሁለቱ ጎኖች ወገባቸው ላይ በአንድ ችንካር ይያያዛሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው ምንም አይይዝም። ያቺን ግማሽ የሠራት የአባ ልክ ታላቅ ወንድም ነው። ሁለተኛዋን ሳይሠራ ሞተ። ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት።

ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። የሚለካውን ለክቶ ሳይጨርስ የሰላምታ መልስ እንኳ አይሰጥም፤ ሰጥቶም «ልክ ነው?» ሳይል አያልፍም ይባላል። ሥራ ቤቱ አንዲት ክፍል ናት፤ ምድጃ፣ ወናፍ፣ ግንድ ላይ የተተከለ የብረት መቀጥቀጫ መስፍ፣ የውሃ በርሜል፣ የሥራ ጠረጴዛ፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ሴት ልጁ ሹራቧን የምትሰቅልበት መንጠቆ።

ልጁ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከእሱ ጋር መዶሻ ካነሳች ሁለት ዓመት ሆናት። ክንዷ ብርቱ ነው፤ ምላሷም ከክንዷ አያንስም። እሱ እንደሚለው አንድ ጉድለት ብቻ አለባት፤ መዶሻውን በግራ እጇ ነው የምታነሳው።

«በቀኝሽ» ይላታል።

«ቀኜ ሥራ አያውቅም፣ አባዬ።»

«ይማራ።»

«አንተ በመጀመሪያ በግራህ ጎርሰህ አሳየኝ። ከዚያ እማራለሁ።»

ፊቱን ሲያዞር መዶሻው ተመልሶ ወደ ግራ ይሄዳል።

ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊ አለች። ጠዋት ጠዋት መስኮቷን እየከፈተች ትጠይቀዋለች።

«ዛሬስ ስንት ናችሁ?»

«እንደ ትናንቱ። ሁለት።»

«እኔ የምሰማው የሦስት ሰው መዶሻ ነው እኮ። እንግዳውን ቁርስ ሳታበሉ እንዳትሸኙት።»

አባ ልክ ይስቃል። ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

ነገሩ የጀመረው አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። የመጋዘን በር ማጠፊያ ታዘው ነበር፤ ሁለት ጣት የሚሰፋ ጠፍጣፋ ብረት አግለው ያጥፋሉ። ልጁ ጉጠቱን በቀኟ ጨብጣ በግራዋ ስትመታ ብረቱ ጉጠቱ አፍ ውስጥ በጎኑ ዞረ፤ ተስፈነጠረና በጆሮዋ ሥር አልፎ ግድግዳውን መትቶ ወደቀ። የሻሿ ጫፍ ጨሰ።

«አልነካኝም» አለች፣ ሻሿን በውሃ እየነከረች። ድምፅዋ ግን የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

አባ ልክ ክው ብሎ ቀረ። ወንድሙን የገደለው ይኸው ነው። ወንድሙ ግራኝ ነበር፤ በቀኙ ለሚሠራ ሰው በተሠራ ጉጠት ዕድሜውን ገፋ። «ለእጄ የሚሆን ጉጠት እንሥራ» ባለ ቁጥር ታናሹ «ነገ፣ ጋሼ» ይለዋል። ነገ ነገ ሲባል ወንድሙ አንድ ቀን ቆርጦ ተነሳና ግማሹን ራሱ ሠራ። በማግስቱ፣ ግማሿ ምስማር ላይ እንዳለች፣ የጋለ ጠፍጣፋ ብረት ከአሮጌው ጉጠት ሾልኮ ብብቱ ሥር ገባ። ዘጠኝ ቀን ቆየ። አባ ልክ ይህን ለልጁ ነግሯት አያውቅም። ሆድ ይፍጀው ብሎ፣ «አጎትሽ በሳንባ ነው የሞተው» እንዳላት ኖረ።

አሁንም ቢሆን ጥፋቱ ጉጠቱ ለእጇ አለመሆኑ ነው ብሎ ማመን አልቻለም። ካመነ ያ «ነገ» ከእነ ድምፁ ይመጣበታል።

«አሮጌው አፉ አልቋል» አለ። «ጠፍጣፋ ብረት ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ አዲስ እሠራልሻለሁ።»

«ለየትኛው እጄ?»

«ሰው ለሚይዝበት እጅ።»

እኩል የሆኑ ሁለት ዘንጎች ቆረጠ። የመጀመሪያውን አግሎ ጫፉን በመስፉ ጠርዝ ላይ ጠፈጠፈ፤ አፍ ሆነ። ሩብ ዙር ወደ ግራ አዞረና ወገቡን አወጣ። የቀረውን እያሳሳ ጎትቶ እጀታ አደረገው፤ ወገቡንም በመብሻ በሳው። የጉጠት ምስጢሩ ያቺ ሩብ ዙር ናት። ጀማሪ ሁለቱ ጎኖች እንደ ግራና ቀኝ ጫማ የሚለያዩ ይመስለውና አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ያዞራል። ያኔ አይገጥሙም። ሁለቱም ወደ አንድ ጎን መዞር አለባቸው። አባ ልክ በዚህ የተሳሳተው ጢም ሳያወጣ ነው።

«ወደ ግራ» አለ ጮክ ብሎ፣ ሁለተኛውን ሲያዞር። ልጁ ወናፉን እየነፋች ታየዋለች።

ውሃ ውስጥ ነክሮ አወጣውና ከመጀመሪያው ጋር አጋጠመው። እንቢ አለ። ወደ ቀኝ የዞረ ነው።

«አይተሽኛል አይደል?»

«አይቼሃለሁ።» ወናፉን ለቀቀችው። «ወደ ግራ ነው ያዞርከው።»

ጠረጴዛው ሥር ወረወረው። ማክሰኞ ሌላ ዘንግ ቆረጠ፤ መስፉ ላይ በጠመኔ ቀስት ሣለ፤ ቀስቱ ወደሚያሳየው አዞረ። ሲቀዘቅዝ ያው ነው፤ ወደ ቀኝ። ከሰዓት በኋላ ልጁ ማጠፊያ ስትቀጠቅጥ ከሦስት ምት በኋላ መስፉን ሁለቴ ነካ ነካ አደረገች። ቲን፣ ቲን።

አባ ልክ እጁ አየር ላይ ቀረ። «ይህን ማን አስተማረሽ?»

«የቱን?»

«ሁለቴ መንካቱን።»

«አንተ አይደለህ? ጀርባዬን ስሰጥህ ሁልጊዜ የምሰማው ነው።»

አባ ልክ አንዴ ነው የሚነካው። ዕድሜ ልኩን አንዴ። ሁለቴ የሚነካው ሌላ ሰው ነበር።

ረቡዕ ቀድሟት ገባ። ምድጃው አመድ ነው፤ መስፉም ቀዝቅዟል። ከስንት ዘመን በኋላ ወደ ምስማሩ ቀና አለ። ግማሿ ጉጠት ላይ አቧራ የለም። እጁን ሰደደና አፏን ነካ፤ እንደ ማንኛውም የጠዋት ብረት ትቀዘቅዛለች። እጀታዋን ነካ። እጀታዋ ትሞቃለች፤ ሰው ሲይዛት ቆይቶ አሁን እንደሰቀላት ሁሉ።

ልጁ ስትገባ ሦስተኛውን ዘንግ አጋለ። ሲያዞር የእጁን አንጓ አንቃ እንድትይዝለት አደረገ፤ በአራት እጅ ወደ ግራ አዞሩት። ወደ ቀኝ ዞሮ ወጣ። ልጁ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበችና በቀሚሷ ጠረገችው።

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ልታስል የገባችው በዚህ መሐል ነው። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ አየች።

«ይሄ ሁሉ ላጤ ከየት መጣ?»

«የተበላሸ ነው» አለ አባ ልክ።

«ምኑ ነው የተበላሸው? እርስ በርስ ይገጥማል እኮ።» ሁለቱን አንስታ አጋጠመቻቸው። «እህቴ ግራኝ ናት። በእኔ መቀስ ስትቆርጥ መቀሱ ጨርቁን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። ስትጨብጠው አፉ ይላላባታል። የእሷ መቀስ ሌላ ነው፤ አሠራሩ ተገላብጦ። ይሄም የግራኝ ጉጠት ነው። አንተ ሰውዬ፣ ለማን እንደምትሠራ ሳታውቅ ነው የምትቀጠቅጠው?»

ልጁ በርጩማ ላይ ወጣችና ያቺን ግማሽ ከምስማሩ አወረደች። አባቷ ሊያስቀራት እጁን ሰደደ፤ መልሶ ግን አወረደው። ከጠረጴዛው ሥር የሰኞውን ግማሽ አንስታ ከእሷ ጋር አጋጠመችው። ቀዳዳው በቀዳዳው ላይ ዐረፈ። አፋቸው መካከል ፀጉር አይገባም።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

የወንድሙ ግማሽ ላይ፣ መዶሻው ባረፈበት ሁሉ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ጠባሳ አለች። የወንድሙ መዶሻ ፊቱ ተሸርፎ ስለነበር ነው። ያ መዶሻ ወንድሙ በሞተበት ዓመት ተሰብሮ ተጥሏል። ሦስቱም አዳዲሶቹ ላይ ያችው ጠባሳ አለች። ልጁ የአባቷን መዶሻ አነሳችና ፊቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። እንደ ብርጭቆ የለሰለሰ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ከሰሉ ጆንያ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«የአጎትሽ ነው» አለ አባ ልክ። «አጎትሽም በሳንባ አይደለም የሞተው።»

እንደቆመ ነገራት፤ ብረቱን፣ ዘጠኙን ቀን፣ «ነገ» ያለበትን እያንዳንዱን ቀን። ሲጨርስ ልጁ ሰኞ ዕለት የተቃጠለውን የሻሿን ጫፍ በጣቷ ነካችው።

«ታዲያ እኔንም ልታስጠብቀኝ ነው?»

አባ ልክ ምድጃውን አየ። «ችንካሩን አግዪው» አለ።

እሷ ወናፉን ነፋች፤ እሱ ችንካሩን ከትቶ ግራና ቀኙን ደፈጠጠው። ከዚያ የጉጠቱን አፍ አግለው ጠፍጣፋ ብረት አስነከሱትና ልኩን እስኪይዝ ዙሪያውን መቱት። ወገቡ እንዳይጣበቅ እየከፈቱ እየዘጉ ነው የሚያቀዘቅዙት፤ ይህን ልጁ ሠራችው። ጉጠቱ በርሜሉ ውስጥ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አንድ ነገር ለመናገር የሚታገል ሰው ይመስል ነበር። ውሃው ሲረጋ ከሦስቱ መካከል አንዱ በረጅሙ ተነፈሰ። ማን እንደሆነ አልተጠያየቁም።

ወዲያው ልጁ ማጠፊያ አጋለች። በቀኟ ይዛ በግራዋ አርባ ጊዜ መታችው። ብረቱ ንቅንቅ አላለም።

በማግስቱ አባ ልክ ለራሱ አንድ ዘንግ ቆርጦ ወደ ግራ አዞረ። ወደ ግራ ዞረለት። ሰኞ መጀመሪያ ከሠራው ጋር ልክ ገጠመ። ምስማሩ አሁን ባዶ ነው፤ አባ ልክም እንደ ልቡ ወደዚያ ያያል። የመጋዘኑ ማጠፊያዎችም አልቀው ሄደዋል።

ልብስ ሰፊዋ መስኮቷን ስትከፍት «ዛሬስ ስንት ናችሁ?» ማለቷን አልተወችም።

«እኔ አልቆጥርም» ይላታል። «አንቺ ከቆጠርሽ ለራስሽ ያዢው።»

የማክሰኞውና የረቡዑ ግማሾች ቀርተው ነበር። እነሱንም በችንካር አያያዛቸው፤ ሌላ ሙሉ የግራኝ ጉጠት ወጣቸው። በሩ አጠገብ፣ ከልጁ ሹራብ ጎን ተሰቅሎ ይጠብቃል። ይህን ከምታነቡት መካከል በግራ እጁ መዶሻ የሚያነሳ ካለ፣ ወይም ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው ያለው ካለ፣ መጥቶ ይውሰደው ይላል አባ ልክ፤ የሚከፈልበት አይደለም፤ ብቻ ነገ አትበሉ። የሚለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ስትመጡ በሩ ላይ ቆም ብላችሁ አዳምጡ። ሁለት መዶሻ ከሰማችሁ ግቡ። ሦስት ከሰማችሁ ግን እባካችሁ ጥቂት ታገሱት፤ የያዘውን ይጨርስ።