ጿሚው ውሻና የላሟ ዱቄት

ቡችላዬ ካልሲየም አላገኘም። የዓሣ ዘይት አልቀመሰም። የእንቁላል ቅርፊት ተወቅጦ ገንፎው ላይ አልተነሰነሰለትም። ይህን ሁሉ የከለከልኩት አጥቼ ወይም ሰስቼ አይደለም፤ አልሰጥም ብዬ ነው። በዚያን ጊዜ ቴፒ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ተሳስተሻል ብሎኛል። ቄሱም፣ ሥጋ ሻጩም፣ የገዛ ባለቤቴም። ዛሬም ተሰብስበው ቢመጡ መልሴ ያው ነው።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከጓሮው ትንሽ የቡና ማሳ ነበረው። ቡናው ሲደርስ ለቅመን ማድረቂያ አልጋ ላይ እናሰጣዋለን፤ ጀንፈሉ ደርቆ ጆንያ እስኪገባ ድረስ ግን ሌባ ዓይኑን ከላዩ አይነቅልም። ባለቤቴ ሹፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ የጅማና የሚዛን መንገድ ነው የሚያውቀው። አጥሩን የሚጠብቅልኝ፣ የእግር ኮቴ ሰምቶ የሚነሳ ጠንካራ ውሻ ያስፈልገኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ የቡና እርሻ ውስጥ ያለች ጀርመን ሼፐርድ ወለደች። ከቡችሎቿ ሁለቱ ወደ ሰፈራችን መጡ፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለጎረቤቴ። ጎረቤቴ ባለሱቅ ናቸው። በድርቁ ጊዜ ገና በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው እዚሁ ሠርተው ያገኙ፣ እጃቸው የማይታጠፍ፣ ትንሽ ጉራ የሚወዱ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። የእሳቸውና የእኔ ቡና በአንድ አጥር ነው የሚዋሰነው።

ቡችሎቹን ያስረከበን የእርሻው የእንስሳት ሐኪም ነበር። ሲናገር የማይለማመጥ ወጣት ነው። “እነዚህ ትልቅ ዘር ናቸው። ትልቅ ይሆናሉ፤ ቶሎ ትልቅ እንዲሆኑ ግን አትግፏቸው” አለን። ገንፎ፣ ሳንባ፣ ትንሽ ሥጋ፣ የሚጋጥ ለጋ የጎድን አጥንት አዘዘ። አጥንታቸው የሚፈልገውን ከዚያ ያገኛል፤ በዚያ ላይ የካልሲየም ዱቄት ከተጨመረ ግን የዚህ ዘር ቡችላ ትርፉን መልሶ ማስወጣት ስለማይችል እግሩ ይጣመማል አለ። “ጎድኑን ስትዳስሱት ይታወቃችሁ። ድቡልቡል ቡችላ እንዳላይ።”

እኔ ሰማሁ። ጎረቤቴም ሰሙ፤ ወደ ቤት ስንመለስ ግን መንገድ ላይ ሳቁበት። “ይሄ ለሌለው ሰው የሚሰጥ ምክር ነው። ሐኪም ደሃ ሲያይ ‘ትንሽ ይበቃል’ ይላል። እኔ ምን አጥቼ ነው?” አሉኝ። ሐኪሙ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ቃሉን ይዤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የጎረቤቴ ቡችላ ጠዋትና ማታ ወተት ጠጣ። እንቁላል ከነቅርፊቱ በላ። ከልጆቻቸው ጠርሙስ የዓሣ ዘይት እየተቀነሰ ተሰጠው። ይህም አልበቃ ብሎ ከሚዛን የእንስሳት መድኃኒት ቤት አንድ ትልቅ ቆርቆሮ የካልሲየም ዱቄት ተገዝቶ መጣ። ቆርቆሮው ላይ ጡቷ የተወጠረ የፈረንጅ ላም ሥዕል አለ።

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ የላም ነው” አልኳቸው።

“ለላም የጠቀመ ለውሻ ምን ይጎዳል? ላም አጥንት የላትም?”

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም የመጣሁበትን ሳሙና ገዝቼ ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር ውሻቸው አማረ። እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ደረቱ ሰፋ፣ ድምፁ ጎረነነ፣ ልጆች ገና ከሩቅ ሲያዩት መንገድ ይለውጡ ጀመር። የእኔው ረጅም እግርና ትልቅ ጆሮ ብቻ ሆነ። ሁዳዴ ሲገባማ መከራዬ በዛ። “የአንቺ ውሻ ጾሙን የሚፈታው መቼ ነው?” ይለኛል፣ ለማይጾሙት ሲል የማይዘጋው ሥጋ ሻጭ፣ ሳንባ እየቆረጠልኝ። ከዚያ ወዲያ ውሻው ስሙ ጿሚው ሆኖ ቀረ። ቄሱ እንኳ በደጄ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩትና “ይሄስ ከእኛ ምእመናን ይሻላል” ብለው እየሳቁ አለፉ። ወሬው ሸኮ ገበያ ድረስ ደርሶ፣ የማላውቃት ሴትዮ “ውሻዋን በረሃብ የምትቀጣው አንቺ ነሽ?” ብላኛለች። አዎ፣ እኔ ነኝ አልኳት።

ባለቤቴ አንድ ቀን ከጅማ ሲመለስ የዓሣ ዘይት ጠርሙስ ይዞ ገባ።

“ሰው ምን ይለናል?” አለኝ። “ውሻ በበላበት ነው የሚጮኸው። ይሄ ምን በልቶ ይጩህ?”

“ይበላል። በልክ ነው የሚበላው።”

“ወንድሙን አላየሽም? በአንድ ቀን አይደል የተወለዱት?”

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” አልኩት። “ጠርሙሱን ውሰድና መኪናህ ሞተር ውስጥ ጨምረው፤ ምናልባት አድጎ አውቶቡስ ይሆንልሃል።”

ሳይወድ ሳቀ። ጠርሙሱን ግን ለእናቱ ወሰደላት።

አፌ ይህን ቢልም ፈርቼ ነበር። የጿሚውን እግር በየቀኑ እዳስሳለሁ። ብሳሳትስ? ሐኪሙ ሄዷል፤ ስልኩን ብሞክርም አይገባልኝም፤ የሚደግፈኝ ሰው የለም፤ ውሻው ደግሞ ተርቤያለሁ ወይም ጠግቤያለሁ ብሎ አይመሰክርልኝ። እግሩ ቢሰበር የከተማው ሰው ሁሉ እየመጣ “ብለንሽ ነበር” ሊለኝ ነው። ያንን ከምሰማ ከተማውን ለቅቄ ሩቅ አገር ቱም ብገባ ይሻለኛል። እንዲያም ሆኖ አንዲት ማንኪያ አልጨመርኩም። እልኸኛ ነኝ፤ አንዳንዴ እልህ ለጥሩ ነገር ይጠቅማል።

ክረምቱ መሃል ላይ የጿሚው ወንድም ማነከስ ጀመረ። መጀመሪያ ጠዋት ሲነሳ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሆነ። የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ ጎበጡ፣ መዳፎቹ ግራና ቀኝ ዞሩ። ያ ሁሉ ደረት በእነዚያ እግሮች ላይ ተጭኖ ሲሄድ በአጥሩ ቀዳዳ አየዋለሁ። ትንሽ ሄዶ ጭቃው ላይ ይተኛል፤ ሲነሳ ያለቅሳል። አሸነፍኩ የሚል ደስታ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። የመጣው ንዴት ነው። ወንድሙ ምን አደረገ? የሰጡትን በላ እንጂ።

ጎረቤቴ ምን አሉ? “ካልሲየም አንሶት ነው።”

በአገራችን በሽታ ሁሉ የማነስ ነው። ሰው ሲደክመው ደም አነሰው፣ ልጅ ሲከሳ ቫይታሚን አነሰው፣ ሚስት ጥላ ስትሄድ ምን አንሷት ነው። በዛበት የሚባለው መጠጥና ዕዳ ብቻ ነው። ስለዚህ እግሩ በጎበጠ ቁጥር ዱቄቱ ይጨመራል፤ ዱቄቱ በተጨመረ ቁጥር እግሩ ይጎብጣል። ውሻው ዓይናችን እያየ በፍቅር ሊጣመም ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ጎረቤቴ ወደ በራፌ መጡ። በአንድ እጃቸው ውሻቸውን በገመድ ይዘዋል፣ ብብታቸው ሥር ላሟ ያለችበት ቆርቆሮ አለ።

“የዚያን የሐኪም ስልክ ስጪኝ እስቲ” አሉኝ። “ዱቄቱን እጥፍ አደረግኩለት፤ እሺ አላለም። በመርፌ የሚሰጥ አለ ይላሉ፤ ሚዛን ወስጄ ላስወጋው ነው። ከዱቄቱ ጋር የትኛው መርፌ እንደሚሄድ ይንገረኝ።”

ቁጥሩን ሰጠኋቸው። ደወሉ፤ ደጋግመው ደወሉ። ኔትወርክ የለም።

“እንግዲያው ዝም ብዬ ልውሰደው” ብለው ዞር ሲሉ ገመዱን ያዝኩት።

“ጋሼ፣ አላነሰውም።”

“ምኑ?”

“ካልሲየም አላነሰውም። በዛበት። መርፌውን ከጨመሩለት ከዚህ በኋላ አይነሳም።”

ፊታቸው ተለዋወጠ። “አንቺ የራስሽን አስርበሽ ስታበቂ የእኔን ልታስርቢ መጣሽ? ምግብ በዛበት ተብሎ የታመመ ፍጥረት የት አየሽ?”

ጿሚውን ጠራሁት። ከቡናው ውስጥ ወጥቶ በሩጫ መጣና የጎርፉን ቦይ ዘሎ አጠገቤ ቆመ። ወንድሙ ሲያየው ደስ ብሎት ሊዘል ተነሳ። የፊት እግሮቹ ከዱትና በአገጩ ጭቃው ላይ ወደቀ። ጅራቱን ግን መወዝወዙን አልተወም።

ጎረቤቴ በራፌ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው የውሻቸውን አፍ በእጃቸው ይጠርጉ ጀመር።

“ከወሎ ስንነሳ እኔና ታናሼ ሁለት ነበርን” አሉ፣ ቀና ሳይሉ። “መንገድ ላይ እግሩ አልሸከም አለው። አዝዬው ነው እዚህ የደረስኩት። እዚህማ ምግብ ነበር። እሱ ግን አልቆየም።” ጭቃውን ከጣታቸው አራገፉ። “በቤቴ የሚያድግ ነገር ከእንግዲህ አይጎድልበትም ብዬ ነው። ሰውም ይሁን ውሻ።”

ይህን ያህል ዓመት በአጥር ስንዋሰን ይህን አላውቅም ነበር። ልቤ ተሰበረ። አጠገባቸው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም፤ ወደ ቤቴ ገብቼ ብተዋቸው የዚያን ጊዜ ለሁለታችንም ቀላል ይሆን ነበር። ግን ውሻው አሁንም እንደወደቀ ነው። እጄን ዘረጋሁ።

“ገባኝ፣ ጋሼ። ዱቄቱን ግን ይስጡኝ።”

ቆርቆሮውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። እጄን አላጠፍኩም። በመጨረሻ ሰጡኝ። በማግስቱ ላም ላላት ጎረቤታችን ወሰድኩላት።

ወተቱም ቀረ፣ ዘይቱም ቀረ። ገንፎውን እኔ እየለካሁ እሳቸው ያበሉት ጀመር። ቡናው ቀልቶ ለቀማ ሲገባ ወንድሙ ማልቀሱን ትቶ ነበር፤ ቀኝ መዳፉ ግን እስከ መጨረሻው ወደ ውጭ እንደዞረ ቀረ። ባሕርዩ አልተጎዳም። ከጿሚው ጋር በአጥሩ ዙሪያ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ጿሚውም ይጠብቀዋል።

ለጎረቤቴ ከሁሉ የከበዳቸው መቀነሱ አልነበረም። ውሻው ጨርሶ ሳህኑን ሲልስና “አለ እንዴ?” በሚል ዓይን ቀና ብሎ ሲያያቸው መቆም አይችሉም። ጥለውት ወደ ሱቃቸው ይገባሉ። ስለዚህ ማታ ማታ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ የምገባው እኔ ሆንኩ። ቀና ብሎ ያየኛል። ይየኝ። ሳህኑን አነሳዋለሁ።