ለመጠበቅ የተቆረጠ ትኬት

ሰፈሩ አፈ ጉባኤ ይለዋል። ሙያው ፀጉር ማስተካከል ነው፤ ግን ከመቀሱ ምላሱ ይፈጥናል። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ትናንት ማታ...» ብሎ ሲጀምር፣ ማታ ምን እንደሆነና ነገሩ በምን እንዳለቀ የሚነግረው እሱ ራሱ ነው። ሰው ግን አይቀየመውም። አሳምሮ ይቆርጣል፣ ያስቃል፣ እጅ ላጠረውም ዱቤ ይሰጣል። ደግሞስ አንገቱ ላይ ምላጭ ከያዘ ሰው ጋር ማን ይከራከራል?

አንዲት ልጅ አለችው፤ ሚጡ ይላታል። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ስትናገር ትንተባተባለች። ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ተይዞ አንገቷ ሲገተር አባቷን አንጀቱን ትበላዋለች፤ ስለዚህ አያስጨርሳትም። «ው...» ስትል ውሃ ይቀዳላታል፣ «እ...» ስትል እርሳስ ያቀብላታል። ከፍቅሩ ብዛት ቃሉን ከአፏ ነጥቆ እሱ ይሸከምላታል። እሷም ውሎ ሲያድር መጀመሩንም ተወችው። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም።

ይኸው ሰውዬ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ገንዘብ ያዥም ነው። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ኮሚቴውን ሰብስበው፣ ውጭ አገር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለልምድ ልውውጥ አንድ መምህር እንደጋበዘ ነገሩ። መኝታና ምግብ ከጋባዦቹ፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ከእኛ። የታጨችው የሚጡ መምህርት ናት፤ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ስብሰባ ላይ የኋላ ወንበር የምትመርጥ ወጣት። ያለው ገንዘብ ደግሞ ለአጥር ተብሎ የተጠራቀመ ነበር።

«የጎረቤት ውሻ ገብቶ የልጆቻችንን ምሳ በሚበላበት ግቢ፣ እኛ መምህር በአውሮፕላን እናንሸራሽር?» አለ አፈ ጉባኤ። «ልምድ ልውውጥ! ፎቶ ተነስታ፣ ቸኮሌት ገዝታ ትመጣለች። ይኸው ነው ልምዱ።»

ሁሉም ሳቀ። ድምፅ ሲሰጥ ግን የሳቁትም ከዱት፤ ትሂድ ተባለ። አፈ ጉባኤ ሽንፈትን እንዲሁ የሚውጥ ሰው አይደለምና አንድ ቅድመ ሁኔታ አስገባ። ስትመለስ ኮሚቴው ክፍሏ ገብቶ ያያል፤ ያየው ካልጣመው በሚቀጥለው ዓመት ሊሄድ ለታሰበው የሒሳብ መምህር አምስት ሳንቲም አይወጣም። መምህርቷ አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለች።

ሄዳ ተመለሰች። ኮሚቴው ሊሰማት ሲሰበሰብ፣ አፈ ጉባኤ እጁን አጣምሮ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«እሺ ቲቸር፣ ምን ይዘውልን መጡ?»

«መጠበቅ» አለች።

«ምን?»

«እዚያ አንዲት አስተማሪ ጠየቀች፣ ልጁ መልስ አጣ። ሌላ ልጅ አልጠራችም፣ ራሷም አልመለሰችለትም። ዝም ብላ ጠበቀችው። ረስታው ነው ብዬ እኔ አፈርኩላት። ልጁ ግን ቆይቶ ቆይቶ መለሰ። ማታ መኝታዬ ላይ ሳስበው፣ እኔ አንድም ልጅ እንደዚያ ጠብቄ አላውቅም። ሲዘገይ ወደ ቀጣዩ ነው የማልፈው።»

«ለመጠበቅማ ትኬት መቁረጥ ምን አስፈለገ?» አለ አፈ ጉባኤ። «እኛ ታክሲ ስንጠብቅ አይደል እንዴ ያረጀነው! በነፃ እናስተምርዎት ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። መምህርቷም ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል። ከኮሪደሩ የሒሳብ መምህሩ የበሩን ስንጥቅ ተጠግቶ ያዳምጣል፤ ምስኪን፣ ሻንጣ ሳይቀር ተውሶ ነበር።

ክፍሉን የማየት ቀን ደረሰ። የኮሚቴው አባላት በልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ከኋላ ተደረደሩ። መምህርቷ አንድ አጭር ታሪክ አነበበች። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉንዳኖች አፋቸው ላይ ነጭ ነገር ይዘው ግንድ ይወጣሉ። አንብባ ጨረሰችና «የያዙት ነገር ምንድን ነው?» ብላ ወደ ሚጡ ዞረች።

አፈ ጉባኤ ከወንበሩ ብድግ ሊል ቃጣው። ምነው እሷን? ያ ሁሉ እጁን የሰቀለ ልጅ እያለ!

ሚጡ ተነሳች። «እ...» አለች። አንገቷ ተገተረ። «እ... እ...»

መምህርቷ ጠበቀች። ፊቷ ላይ ችኮላ የለም፣ አዘኔታም የለም። ልጆቹም ጠበቁ፤ ለካ ሰሞኑን ለምደውት ኖሯል። ያልለመደው ከኋላ የተቀመጠው ብቻ ነው። ምላሱን ነከሰ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ነከሰ። አልቻለም።

«እህል!» ብሎ ጮኸ። «እህል ማለቷ ነው!»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። መምህርቷ ግን ዓይኗን ከሚጡ ላይ ሳታነሳ፣ በዚያች ዝቅ ባለች ድምጿ «ጋሼ፣ ተራው የእሷ ነው» አለች።

ልጆቹም እንደገና መጠበቅ ጀመሩ።

«እን... እንቁላላቸውን» አለች ሚጡ። «እንዳ... እንዳይረጥብባቸው።» ከዚያም ወደ ኋላ ዞራ፣ ሳትቆጣ፣ ሳትስቅ፣ «እህል አይ... አይደለም፣ አባዬ» አለችው።

መልሱ ትክክል ነበር፤ እሱን የወጋው ግን ያ «አይደለም» ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ቃሏን ሲጨርስላት ስንቱን ለውጦባት ይሆን? «ው...» ስትል ውሃ ሲያጠጣት፣ ልጅቷ «ውጪ እንውጣ» ማለቷ ቢሆንስ? ውሃውን ዝም ብላ ትጠጣለቻ፤ ምን ታድርግ? አሳዘነችው። የራሱም ነገር አሳዘነው።

ክፍሉ ታይቶ አልቆ ኮሚቴው ዳይሬክተሩ ቢሮ ሲቀመጥ፣ ሁሉም የእሱን አፍ ጠበቀ።

«ጋሼ፣ ምነው ዛሬ ድምፅዎ ጠፋ?» አሉ ዳይሬክተሩ። «የሒሳቡ መምህር ጉዳይ እንዴት ይሁን?»

«ይሂድ» አለ።

«አጥሩስ?»

«ውሻውን እኔ አባርራለሁ። ለትኬቱ የሚጎድለውን ደግሞ እሁድ እሁድ የወላጆችን ፀጉር እየቆረጥኩ እሞላለሁ።» ወደ መምህርቷ ዞሮ ሊናገር ብዙ ነገር አሰበ፤ ከዚያ ሁሉ የወጣው ግን «ቲቸር፣ ይቅርታ» ብቻ ነበር። እሷም «ኧረ ምንም አይደል፣ ጋሼ» አለችው።

አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ቤት ሄዱ። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሚጡ እጁን ሳብ አድርጋ አስቆመችው።

«አባዬ፣ ቀ... ቀልድ ልንገርህ?»

ሚጡ በዕድሜዋ ቀልድ ነግራ አታውቅም። ቀልድ እስከ መጨረሻው ካልደረሱበት ቀልድ አይሆንም፤ እሷን ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚያደርሳት አልነበረም።

«ንገሪኝ» አላት።

«አንድ መ... መላጣ ሰውዬ ፀጉር ቤት ገባ...»

ወዲያው አወቀው። የራሱ ቀልድ ነው፤ ለስንቱ ደንበኛ ሲደጋግመው የኖረ። የቀልዱ መጨረሻ ጉንጩ ውስጥ ሞላ። ሚጡ ቀጠለች። ሰውዬው ሲስተካከል ቆየ፣ ሒሳብ ሲከፍል ተናደደ፣ ሦስት ፀጉር ብቻ ላለው ሰው እንዴት ሙሉ ዋጋ ብሎ ጮኸ። አንዱ ቃል ሲይዛት ቆማ ትታገለዋለች፣ ሲለቃት ትሮጣለች። አላፊ አግዳሚው እየገፋቸው ያልፋል። ከዳቦ ቤቱ አንድ ደንበኛ ወጥቶ «አፈ ጉባኤ፣ ደህና ዋልክ?» አለው፤ በእጁ ብቻ መለሰለት።

«ፀጉር ቆራጩ ምን አ... አለው መሰለህ? ያስከፈልኩህ ለመቁረጡ አይደለም...» አለች ሚጡ። ዓይኗ በሳቅ ሞልቷል። «ለፍ... ለፍ...»

አባቷ መንገዱ መሃል ተንበርክኮ ፊቷን በፊቱ ትይዩ አደረገ። ቃሉን ያውቀዋል፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው። አፉን ገጥሞ፣ እጇን ይዞ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ ጠበቃት።

«ለ... ለፍለጋው ነው!» አለች ሚጡ፤ እሱም ያንን ቀልድ ገና ዛሬ እንደሰማው ሁሉ ከት ብሎ ሳቀ።